ኮሌታው ጋ ክምር፣ ሌላው ቁጭ

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ሀዋሳ ነኝ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ። የላይን ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ፖሎ (ኮሌታ ያለው ቲሸርት) ነው የምንሰፋው፣ 18 ኦፕሬተር አለኝ፣ ታርጌቱ በ8 ሰዓት 600 ነው፣ እኛ ግን ከ400 ፈቀቅ አላልንም። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ ፊት ሥራው ተራራ ያክላል፣ ከሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ሰነፍ እንዳልላት ቀና እንኳን አትልም። ሰውና ማሽን ይጨመርልኝ ብል አለቃዬ በጀት የለም አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ሒሳቡን ሥራ። 8 ሰዓት 28,800 ሰከንድ ነው፣ ለ600 ስታካፍለው 48። በየ48 ሰከንዱ አንድ ልብስ ካልወጣ ታርጌቱን እርሳው። ከዚያ በላይ የሚፈጅ አንድ ቦታ ካለ ሌሎቹ ቢበሩም ትርፉ ክምር ነው። የሁሉንም ሰዓት ያዝ፣ ቢያንስ አስር አስር ልብስ። የየሥራውን አማካይ ሰከንድ ደምረህ ለ48 ስታካፍል ስንት ሰው እንደሚበቃህ ታያለህ። ምናልባት ሰው አልጎደለህም።

መልስ 2፦
ልክ ነው፣ ግን ሰዓት ይዘህ ፊቷ አትገተር። እኔ አራት ዓመት ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ሰዓት ሲያዝብን አንዷ ሆን ብላ ትዘገያለች፣ ሌላዋ ደንግጣ ትሮጣለች። ይልቅ እጇን እይ። የተቆረጠው ጨርቅ የሚመጣበትን ጥቅል የሚፈታው ማነው? የኮሌታውን መሃል ምልክት የሚያደርገውስ? ይሄ ስፌት አይደለም፣ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ለማንም ግን አይደለም፤ ምልክቱ ከኮሌታ በፊት ነው የሚያስፈልገው፣ እጅጌ ለምትገጥመው ብትሰጣት ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ጥቅሉ ሃያ ሃያ ከሆነ አስር አድርገው። ሃያው እስኪያልቅ ቀጣይዋ ምን ትሥራ?

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። 70 ሰከንድ ነው የሚፈጅባት፣ ስፌቱ ግን 46 ብቻ! 10ሩ ጎንበስ ብላ ከወለል ጥቅል ማንሳትና መፍታት፣ 14ቱ ኮሌታውን አጥፋ መሃሉን ማግኘት። ምልክቱን ትከሻ ለምትሰፋዋ ሰጠኋት፣ 28 የነበረው 42 ሆነባት። አኩርፋለች፣ ግን ትሠራለች። ጥቅሉን ሄልፐሩ (ረዳቱ) ፈትቶ በግራዋ በኩል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥላታል። ትናንት 530 ወጣ።

አሁን ደግሞ ክምሩ የታች ጫፍ አጥፎ የሚሰፋው ማሽን፣ ፍላትሎኩ ጋ ሄዶ ተቀምጧል። 52 ሰከንድ።

መልስ 2፦
እሱማ ይሄዳል 😀 የፍላትሎኩ ልጅ መቀሱ አጠገቡ ነው ወይስ በየልብሱ ይፈልገዋል?