የዳንስና እንቅስቃሴ ሕክምና እንደ እኔ ላለ ሰው ይሆናል ወይ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 31 ነው፤ ለጭንቀት መታከም ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቅርቡ ሐኪሜ በንግግር ብቻ የማይደረስበት ነገር አለ ብላ የዳንስና እንቅስቃሴ ሕክምናን እንድሞክር መከረችኝ። ቃሉን ስሰማ ግን ሰውነቴ ደረቀ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ በአክስቴ ሠርግ ላይ እስክስታ ስመታ፣ አንድ ዘመዳችን ትከሻዬን በሁለት እጁ ጨምቆ «እንደ ወንድ ምታ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ጨፍሬ አላውቅም፤ መንገድ ስሄድ እንኳ እጄ እንዴት እንደሚወዛወዝ እየጠበቅኩ ነው የምራመደው። ሕክምናው ይጠቅመኛል ወይስ ያንኑ ቁስል መቀስቀስ ነው?

መልስ፣ ከሙያው ሰው፦
ይህ ሕክምና ከዳንስ ትምህርት ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የሚታረም ትከሻ የለበትም። ማሪያን ቼስ የተባለች ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው እርስዎ አጠገብ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የሴንት ኤልዛቤትስ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ስትጀምር፣ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሕሙማን የሚያደርጉትን ጥቂት እንቅስቃሴ በራሷ ሰውነት እየመለሰች ታናግራቸው ነበር። የአሜሪካ የዳንስ ሕክምና ማኅበር በ1966 ሲመሠረትም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እርሷ ሆነች። ነገር ግን በዚያ ዘመን ተመሳሳይ ፆታን ማፍቀር ራሱ እንደ አእምሮ ሕመም ይቆጠር ነበር፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው በ1973 ነው። ስለዚህ ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። አካሄድዎን «ላስተካክልልዎ» የሚል ባለሙያ ከገጠመዎ ያንኑ ቀን ይተዉት። ጥናቶች ሕክምናው ድባቴንና ጭንቀትን እንደሚያቀል ያሳያሉ፤ ብዙዎቹ ግን በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸውና የጀመሩትን ሕክምና እንዳያቋርጡ።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
ወንድሜ፣ እኔ ትራንስ ሴት ነኝ፣ ስወለድ ወንድ የተባልኩ፤ ለአሥር ወር ያህል ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሙዚቃ እንኳ አልነበረም። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳላስተውለው ጣቴን ጉልበቴ ላይ እመታ ነበር፤ ቴራፒስቷ ምንም ሳትናገር ያንኑ ምት በራሷ ጉልበት ላይ መታች። እኔ ሳቆም አቆመች፣ ስጀምር ጀመረች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሰውነቴን የሚያየው ሊገሥጸኝ ነበርና እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ደግሞ ብሶብኝ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ ስነግራት ፍጥነቱን ቀነሰችው። መድኃኒቴን ዛሬም እወስዳለሁ፤ ቢሆንም ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ቀሎልኛል።

መልስ፣ ከዲሲ፦
የቡድን ሕክምና ከሆነ ማን እንደሚገኝ አስቀድመህ ጠይቅ። እኛ እርስ በርሳችን «ዜጋ» የምንባባል ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሐበሾች በዚህ ከተማ የአንዱን ወሬ ሌላው ቤት ለማግኘት ሁለት ሰው ይበቃናል፤ ቤተሰብ ሳያውቅ የሚኖር ሰው ለብቻው ቢጀምር ይሻለዋል። ባለሙያው በዘርፉ ማስተርስ ዲግሪ ያለውና በዳንስ ሕክምና ማኅበሩ በኩል የተመዘገበ መሆኑንም አጣራ፤ ዳንስ የሚያስተምር ሁሉ ቴራፒስት አይደለምና። ኢንሹራንስህ መክፈሉን ከመጀመርህ በፊት ደውለህ አረጋግጥ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለብቻዬ ነው። ስደውል መጀመሪያ የጠየቅኩት ክፍሉ ከውጭ የሚታይበት መስኮት እንዳለው ነበር፤ መጋረጃ አለው አሉኝ።