ለልጆቻችን የንባብ ዝርዝር፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥያቄ እናቀርባለን። ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች የመረጥናቸው ልብ ወለዶች በበርካታ ቅጂ እንዲገዙልን፣ ወላጅ ከልጁ ጋር የሚያነብበት የቅዳሜ ሰዓትም እንዲፈቀድልን ነው። ረቂቁ ደርሷችኋል። ተራ ቁጥር 3 ላይ «በሥዕል የሚተረኩ ልብ ወለዶች አይካተቱም» የሚል አለ። በእርሱ ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

አንድ አባት፦
ያንን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ልጄ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ራት ሳይቀርብ ጀምሮ ከመተኛቱ በፊት ይጨርሰዋል። ሥዕሉን እያየ ገጹን ይገልጣል እንጂ አነበበ ለማለት ይከብደኛል። ጥያቄያችን በልጆቻችን የንባብ ችሎታ ላይ ለውጥ እንዲያመጣ ነው የምፈልገው።

አንዲት እናት፦
ወንድማችን ያነሡት ስጋት የእኔም ነበር። ባለፈው ዓመት የ10 ዓመት ልጄ «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ» የተባለውን መጽሐፍ ተውሳ መጣች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የታተመ ሲሆን፣ ኬንያ ውስጥ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያደጉ የሁለት ሶማሊያዊ ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ታላቁ ኡመር ከሠዓሊዋ ከቪክቶሪያ ጄሚሰን ጋር ሆኖ የራሱን ሕይወት ተርኮበታል። ታናሹ ሐሰን እንደ ሌሎቹ ልጆች አይናገርም፤ ከአፉ የምትወጣው ቃል «ሆዮ» ብቻ ናት። በሶማሊኛ እናት ማለት ነው።

ልጄ እዚያ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። «እማዬ፣ እናቱ የለችም እኮ፤ ታዲያ ማንን ነው የሚጠራው?» አለችኝ። እጄን ከሊጡ አውጥቼ፣ ታጥቤ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬ ወፍራም መጽሐፍ ለማንበብ አይበቃኝም። ይህንን ግን ከእርሷ እኩል አነበብኩት፤ ቃሉ ሲያመልጠኝ የልጁ ፊት ነገረኝ። በስደት ሱዳን ስላሳለፍኩት ሁለት ዓመት ለልጄ ያወራኋት በዚያ ምሽት ነው። ከዚያ በፊት ወሬውን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም ነበር።

ንባብ አይደለም ለሚለውም መልስ አለኝ። በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ምን እንደሆነ የሚነግር የለም፤ አንባቢው ራሱ ማሟላት አለበት። ደግሞስ ይህ አተራረክ ለእኛ ባዕድ ነው? የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕሎች ተደርድሮ፣ ከየሥዕሉ ጋር በአማርኛ ተጽፎበት፣ በስንቶቻችን ሳሎን ተሰቅሏል? «ጽሑፉ ትንሽ ነውና አትመልከተው» ብሎ ልጁን የከለከለ አባት አላየሁም።

«ኒው ኪድ»ንም ጨምሩልኝ። የጄሪ ክራፍት ሥራ ነው። ከ1922 ጀምሮ በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ በ2020 ሲያገኝ፣ በሥዕል ከሚተረኩ ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ሆኗል። ጆርዳን የተባለው ልጅ ጥቁር ተማሪዎች ጥቂት ወደሆኑበት ትምህርት ቤት ይገባል። አንዲት መምህርት ጓደኛውን ደጋግማ በሌላ ልጅ ስም ትጠራዋለች። ስሙ በየዓመቱ መጀመሪያ ሲጣመም ልጁ አንገቱን ደፍቶ የመጣበት ወላጅ በመካከላችን ብዙ ነው።

አንድ መምህር፦
ተራ ቁጥር 3 ይሰረዝ። እኔን የሚያሳስበኝ የዕድሜው ምደባ ነው። የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» አጭር ስለሆነ ይመስላል ረቂቁ ላይ ለ8 ዓመት ልጅ ተመድቧል። ሳልቫ በ1985 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በእግሩ ኢትዮጵያ ሲገባ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ስደተኞቹ በጥይት እየተባረሩ አዞ ወዳለበት የጊሎ ወንዝ ይገባሉ። ጊሎ የእኛ የጋምቤላ ወንዝ ነው፤ ልጆቻችን ይህን ታሪክ ማወቅ አለባቸው። ግን ከ11 ዓመት ጀምሮ፣ አዋቂ አጠገባቸው ተቀምጦ።

የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሪፊዩጂ ቦይ» ደግሞ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሁን። አለም አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ አባቱ ለደኅንነቱ ብሎ እንግሊዝ አገር ሆቴል ውስጥ ትቶት ይመለሳል። በማኅበራችን ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ልጆች አሉና ይህ መጽሐፍ እንዳይወጣብን አደራ።

ሐሳቡን ያቀረቡት አባት፦
ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ትናንት ማታ ባለቤቴን ስጠይቃት፣ ልጃችን በአንድ ምሽት የጨረሰውን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ እንደደገመው ነገረችኝ። እኔ ቶሎ መጨረሱን ነው እንጂ መድገሙን አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርልኝ፦ በሥዕል ከሚተረክ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጎን በጉዳዩ የሚቀርበው፣ በጽሑፍ ብቻ የተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ይቀመጥ። የኡመርን ታሪክ የጨረሰ ልጅ፣ ዕድሜው ሲፈቅድ የሳልቫን ያንሣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ ተራ ቁጥር 3 እንዲህ ተስተካክሏል፦ «በሥዕል የሚተረኩ ልብ ወለዶች ከሌሎቹ እኩል ይካተታሉ፤ በተቻለ መጠን ጥንድ ሆነው ይቀርባሉ፤ ዕድሜው በእያንዳንዱ ላይ ይጻፋል።» ተራ ቁጥር 4 አዲስ ነው፦ «ወላጆች አብረው እንዲያነቡ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ግማሽ ገጽ የአማርኛ መግለጫ እናዘጋጃለን።» የዕድሜውን ምደባ መምህራችን ይመልከቱልን። የመጀመሪያውን መግለጫ እኅታችን እስከ ሐሙስ ይጻፉልን፤ «ሆዮ» የምትለው ቃል ከነትርጉሟ ትግባበት።