የሐዋሳ ቆሮሶ ዓሣ ለምን አነሰ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድኩ። ድሮ አንድ ቆሮሶ ጥብስ ለሁለት ይበቃን ነበር፤ አሁን የቀረቡልን ሦስቱም ከመዳፌ አይበልጡም። የገረመኝ ግን ሴትዮዋ አንዷን ስትቀድዳት ሆዷ በቢጫ እንቁላል ተሞልቶ ነበር። እኔ ጫጩት መስላኝ! ሌላ ዝርያ ናት እንዴ?

— እህቴ፣ ዝርያዋ ያው ነው። ጀልባ ላይ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። የመረቡ ዓይን ጠበበ፤ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይወጣል። ዳር ያለው ፊላ ውስጥ መረብ የሚጥለውስ? ጫጩቱ የሚያድገው እዚያ ነው።

— እንቁላሏን በተመለከተ፦ ትልልቆቹ ቀድመው ሲጠመዱ፣ ሳያድጉ የሚወልዱት ናቸው ዘር የሚተኩት። ስለዚህ ትንሽ ሆና ለአቅመ መውለድ ትደርሳለች። ችግሩ፣ ትንሽ እናት የምትይዘው እንቁላል ጥቂት ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ አፏ ካልሰፋ ምን ታድርግ? በማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ጭቃ የምትኖረው ሸርጣን ግን በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ታቅፋ ወደ ባሕር ትወርዳለች፤ አብዛኛው እጭ ያልቃል፣ የተረፈው በሞገድ ተመልሶ ይመጣል። የእኛ ሐይቅ መውጫ ወንዝ እንኳ የለውም፤ ከሌላ ሐይቅ የሚመጣ ምትክ አትጠብቂ።

— አመሰግናለሁ። ልጄን «አፏ ውስጥ ነው የምታሳድጋቸው» ብላት «ታዲያ ምሳ እንዴት ትበላለች?» አለችኝ።

— ልክ ናት፣ በዚያ ጊዜ እምብዛም አትበላም።