ለጀበና ቡና የቱን መፍጫ ልግዛ?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል፤ የምንጠጣው በጀበና ብቻ ነው። መጀመሪያ በሙቀጫ እንወቅጥ ነበር። ዘነዘናው ሁለቴ ካረፈ ግን ከታች ያሉት እናት ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው።

ከመርካቶ ባለ ምላጭ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዛሁ። ግማሹን ዱቄት ያደርገዋል፣ ግማሹን ክክ። ዱቄቱ አልረጋ ብሎ ሲኒው ላይ ይንሳፈፋል፤ ክኩ ደግሞ ጣዕሙ ሳይወጣ ይቀራል። አቦሉ ድፍርስ፣ ቶናው ውሃ። እያቆምኩ፣ እየነቀነቅኩ ፈጨሁት። በወንፊትም ነፋሁት። ያው ነው። በሦስተኛው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ የሞተሩ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ በዚያው ቀረ።

አሁን ሁለት አይቻለሁ። አንዱ በእጅ የሚዞር፣ ባለ ብረት ጥርስ ነው፤ በአንዴ የሚይዘው 30 ግራም ነው። እኛ ለአንድ ጀበና 50 ግራም ገደማ እንፈጃለን፣ ስለዚህ ሁለት ዙር መሆኑ ነው። ሌላው ባለ ጥርስ ኤሌክትሪክ ነው፣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ። መብራቱን ሳስብ ልቤ ወደ እጁ ያደላል።

ቤታችሁ የእጅ መፍጫ ያላችሁ፣ ለጀበና በሚሆን መጠን አድቅቆ እኩል ይፈጫል ወይስ ክንድ ማድከም ብቻ ነው?