ቄሶቻችን ጋብቻ የማስመዝገብ ሥልጣን ይሰጣቸው?

ከነታንያ፦

ሰላም የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ወገኖች። በቅርቡ የእህቴን ልጅ ዳርን። ሁፓው (የሠርጉ ዳስ) ሥር የቆመው ከሃይማኖት ምክር ቤት የተላከ ረቢ ነበር። ክቱባውን (የጋብቻ ውሉን) አነበበ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሰው ሁሉ "ማዘል ቶቭ" አለ። ቤተሰባችንን ከነዘር ማንዘሩ የሚያውቁት የእኛው የቤተ እስራኤል ቄስ ግን ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ከእንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። መጨረሻ ላይ ማይክ ተሰጣቸውና መረቁ። እናቴን በጣም ከፋት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እስራኤል ውስጥ በ1953 በወጣው ሕግ የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች እጅ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንደናገር።) ቄሶቻችን መመረቅ እንጂ ማጋባትና ማስመዝገብ አይችሉም። ከሃይማኖት ምክር ቤት ደመወዝ የሚከፈላቸው እንኳ አይችሉም። ሥልጣኑ ይሰጣቸው ወይስ አይሰጣቸው?

ከረሆቦት፦

ልጄ፣ እንኳን አነሳሽው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መጀመሪያውኑ መነጠቅ አልነበረበትም።

አገር ቤት ሳለን ቄስ ለሠርጉ ዕለት ብቻ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ማን ከማን እንደሚወለድ ቄሱና ሽማግሌዎቹ አጥርተው ያውቃሉ። ሠርጉ ላይ ደግሞ ቀሸራ አለ። ነጭና ቀይ ክር ነው፤ ነጩ የሙሽራው ንጽሕና፣ ቀዩ የሙሽሪት ድንግልና። ቄሱ ክሩን ከሙሽራው እግር ጀምሮ ወደ ላይ ያመጣና ግንባሩ ላይ ያስረዋል። ያኔ ነው እልልታው የሚቀልጠው። ኋላ ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚጠራው ያው ቄስ ነው። ልጅ ሲወለድም ሰው ሲሞትም እሱው ነው።

በ1973 ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ "ከዳን ነገድ ናችሁ፣ አይሁድ ናችሁ" ብለው ወሰኑ። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ስንመጣ ግን ራባኑቱ (የረቢዎቹ የበላይ አካል) "ለማግባት መጀመሪያ ሚክቬ (የመንጻት ውሃ) ገብታችሁ ተጠመቁ" አለን። አይሁድነታችን ስላጠራጠራቸው ነው አሉ። በረሃ ላይ ልጆቻችንን ቀብረን ለመጣን ሰዎች! በ1985 መጸው ኢየሩሳሌም ራባኑቱ ደጃፍ አንድ ወር ያህል ተቀመጥን። እኔም ነበርኩ። የበዓላቱ ሰሞን ነበር፤ በዓሉንም እዚያው አሳለፍነው። ቄሶቹ ከፊት ነበሩ። በ1989 የነታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለዚያ ጥምቀት እንዲያጋቡን ተመደቡ። ውለታቸውን አንረሳም። ግን ልብ በይ፣ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሌላ ረቢ ነው። ቄሶቹን ያስታወሰ የለም።

ከሀይፋ፦

አባባ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ አልስማማም። ሥራዬ የቤተሰብ ሕግ ነው። ማጋባት ቀላሉ ነው፤ መዘዙ የሚመጣው ፍቺ ላይ ነው። በረቢዎቹ ሕግ አንዲት ያገባች ሴት ጌት የሚባለውን የፍቺ ጽሑፍ ሳትቀበል ሌላ ሰው ብታገባ፣ ከሁለተኛው ባል የምትወልደው ልጅ ማምዜር ይባላል። ያ ልጅ ከአብዛኛው አይሁድ ጋር መጋባት አይችልም። ልጅ ልጁም እንዲሁ። በዚያን ጊዜ ረቢዎቹን ካሰጋቸው ነገር አንዱ ይሄ ነበር፤ አገር ቤት ፍቺው በቄስና በሽማግሌ ያልቅ ስለነበር። እናንተን ማዋረዳቸው ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። ልክ አልነበረም። ስጋቱ ግን ዛሬም አለ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ያልተወለደ ልጅ ነው።

ሌላም አለ። ከ2013 ጀምሮ ጋብቻ ሳያስመዘግብ የሚያጋባ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። "ሕጉን ትተን ቄሱ በራሳቸው ያጋቡን" የምትሉ ልጆች ይህን እወቁ። ለማን ብለው ይታሰሩ?

ከቤር ሼቫ፦

እኛ ቆጵሮስ ሄደን ተጋባን፣ ስንመለስ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር መዘገበን። ከዚያ ቄሱ ቤት መጥተው ባረኩን። ለምን እንዲህ አደረጋችሁ የሚለኝ ስለማይጠፋ ልናገር። አንድ የሃይማኖት ምክር ቤት ባለቤቴን "የወላጆችሽን ክቱባ አምጪ" አላት። ወላጆቿ የተጋቡት ወገራ ገጠር ውስጥ ነው። የምን ክቱባ? ከዚያ ሌላ ወረቀት፣ ከዚያ ሌላ ምስክር። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ሳይ በቃ አልኩ። ቄሱ እኮ የአያቷን አያት ስም በቃላቸው ይነግሩሃል።

ከሀይፋ፦

ወንድሜ፣ ታሪክህ ያሳዝናል። ግን ቆጵሮስ ምዝገባ ነው የሰጠህ። ሁለታችሁም አይሁድ ስለሆናችሁ፣ ብትፋቱ የምትሄዱት ያው የረቢዎች ፍርድ ቤት ነው።

ከቤር ሼቫ፦

አውቃለሁ። ለመፋታት አላገባንም።

ከጎንደር፦

እኛም እናንብባችሁ ብዬ ነው እንጂ ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። እዚህ እስራኤል ለመግባት ወረፋ የምንጠብቅ ሰዎች ምኩራብ የምንጸልየው በዕብራይስጥ፣ በረቢዎች ሥርዓት ነው። እስራኤል ስንገባም ጊዩር (ወደ አይሁድነት የመግቢያ ሥርዓት) ይጠብቀናል። ቄሶቹን እናከብራለን። ግን አባቶቻችን ተጠምቀው ክርስቲያን ሆነው ነበር እየተባለ፣ ወገን ብለው ሊቀበሉን የከበዳቸው ቄሶችም አሉ። ሥልጣኑ ቢሰጣቸው የእኔን ልጅና የእናንተን ልጅ ያጋባሉ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ከረሆቦት፦

ወንድሜ፣ ይሄ ይከብዳል። ልዋሽህ አልፈልግም። የማይቀበሉ አሉ። እኔ የልጄን ልጅ ከእናንተ በኩል ለመጣ ጎበዝ ልጅ ድሬያለሁ። ያጋባቸው ረቢ ነው። የኛን ቄስ ለምኜ አልመጡልኝም። ራባኑቱ ደጃፍ አብሬያቸው የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን በጣም አዘንኩባቸው።

ከአሽዶድ፦

ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ አንድ ቀን ነው። ከሠርጉ በኋላስ?

እናቴ ስትወልድ ያራስ ጎጆ ነበራት። ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን፣ ኦሪቱ እንደሚለው። የመንደሩ ሴቶች ገንፎውንም አጥሚቱንም ደጅ ድረስ ያመጡላታል። ጎጆው ይመለስ አልልም፣ በብርድና በዝናብ ስንቷ ተሰቃይታበታለች። ግን ብቻዋን አልነበረችም። እዚህ ልጅቷ ወልዳ አራተኛ ፎቅ ትገባለች። ባሏ ፋብሪካ፣ እናቷ ጽዳት ሥራ። በስምንተኛው ቀን ለግርዘቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። በማግስቱ በሯን የሚያንኳኳ የለም።

ለቅሶ ሲሆን እኮ እኛን የሚያህል የለም። ከሰሜን እስከ ደቡብ አውቶቡስ ተከራይተን እንሄዳለን። ሰባቱን ቀን ድንኳኑ ሰው አይጎድልበትም። ይህን ጉልበት ለወለደች ሴት ለምን አናደርገውም? በእኛ ጸሎት ቤት ሴቶቹ ተራ ገብተናል። አንዷ ምግብ ታደርሳለች፣ አንዷ ትልልቆቹን ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት ታመጣለች፣ ዕብራይስጥ የምትችለዋ ጤና ጣቢያ አብራት ትሄዳለች። ለዚህ የማንም ፈቃድ አላስፈለገንም። ቄሱም በሰንበት ጸሎት ላይ ማን እንደወለደች ይናገሩልናል። ሥልጣኑ ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። እስኪመጣ ግን አራሷ አትጠብቅም።

ከነታንያ፦

የአሽዶዷ እህቴ፣ ይሄን ወደ እኛ ጸሎት ቤት እወስደዋለሁ።

ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ አቋሜንም ልናገር። ቄሶች ማጋባትም ማስመዝገብም ይቻላቸው። የሰውን ዘር የሚያውቅ ሰው ተመልካች ሆኖ፣ የማያውቀን ሰው ማስረጃ ሲጠይቀን መኖር የለብንም። ፍቺው ግን በረቢዎች ፍርድ ቤት ይቅር። የሀይፋዋ እህታችን የፈራችው ልጅ ያኔ አይጎዳም። የጎንደሩ ወንድማችን ጥያቄም አብሮ ይመለስ። ሥልጣን የሚቀበል ቄስ፣ ጊዩሩን ጨርሶ የመጣን ሰው ልጅ "አላጋባም" ማለት አይችልም ተብሎ ይጻፍ። አለበለዚያ ራባኑቱ ያደረገብንን እኛው በወገናችን ላይ መድገማችን ነው።

ከሀይፋ፦

እንዲህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። የጌቱ ነገር ላይ ግን አንዲት ቃል አትለወጥ። ረቂቁን እኔ እጽፈዋለሁ።

ከረሆቦት፦

ጻፊው ልጄ። በአማርኛም በዕብራይስጥም ይሁን። ለሲግድ በዓላችን ቄሶቹ ሁሉ ኢየሩሳሌም ይመጣሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ እኔና ሌሎች ሽማግሌዎች ይዘነው እንቀርባለን። የመጨረሻውን አንቀጽ የማይፈርም ቄስ ይኖራል፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። ቢሆንም ከረቂቁ እንዳታወጪው።