ክርክር፦ የዳሎል ፖታሽ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ደናክል በረሃ፣ ዳሎል አካባቢ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ፣ ማለትም ፖታሲየም ያለበት ጨው፣ አለ። እናውጣው ወይስ ባለበት ይቆይ?

የጂኦሎጂ ተማሪ፦ ይውጣ እንጂ! መቶ ዓመት ተወርቶበታል። ጣሊያኖች ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከመርሳ ፋጡማ፣ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ሐዲድ ዘርግተው በ1910ዎቹ መጨረሻ ፖታሽ ይጭኑ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የጀርመንና የሌሎች አገሮች ፖታሽ ገበያውን ሲሞላው፣ በ1920ዎቹ ማብቂያ ሥራው ቆመ። በ1960ዎቹ ፓርሰንስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ቆፍሮ፣ አጥንቶ ሄደ። በ2015 የእስራኤሉ አይሲኤል የካናዳውን አላና ፖታሽ ገዝቶ ገባ። በ2016 መሠረተ ልማት አልተሟላልኝም፣ ያላግባብ ግብር ተጠየቅኩ ብሎ ወጣ። ሀብቱ ግን የትም አልሄደም። የጎደለው መንገድና ወደብ ነው። ቅርቡ ባሕር ያለው በኤርትራ በኩል ነው፤ የጅቡቲው ታጁራ ደግሞ ሩቅ ነው።

የአፋር ልጅ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ለምን ከጣሊያን ትጀምራለህ? አገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ የተገበያየበት አሞሌ ጨው ከዚሁ በረሃ የተቆረጠ ነው። ኩባንያው ሲመጣና ሲሄድ ጨው ቆራጩ እዚያው ነበር። በዚያ ሐሩር እየቆረጠ፣ በግመል ወደ በርሃሌ እየጫነ ኖሯል። በውሉ ላይ ግን ስሙ የለም።

የግብርና ባለሙያ፦ አንድ ነገር ላርም። «ፖታሹ ከወጣ ማዳበሪያ መግዛት እናቆማለን» የሚባለው ልክ አይደለም። በብዛት የምናስገባው እንደ ዩሪያ፣ ዳፕና ኤንፒኤስ ያሉ ማዳበሪያዎችን ነው። እነሱ የሚሰጡት በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ ፖታሽ የሚሰጠው ፖታሲየም። አንዱ ሌላውን አይተካም። ስለዚህ የዳሎል ፖታሽ በዋናነት ለውጭ ገበያ ነው የሚሆነው።

የጂኦሎጂ ተማሪ፦ እስማማለሁ፣ ግን ዶላሩም ያስፈልገናል። ደግሞ ቦታው ተስማሚ ነው። ውሃ ወደ ታች ተልኮ ጨዉን ያሟሟል፤ የወጣው የጨው ውሃ በኩሬ ተኝቶ በፀሐይ ይደርቃል። ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዳሎል አማካይ የዓመት ሙቀት 34 ዲግሪ ያልፋል። ነዳጅ ሳይቃጠል ፀሐይ ትሠራለች ማለት ነው።

የአፋር ልጅ፦ ያልከው ውሃ ከየት ይመጣል? እኛ አካባቢ ጉድጓድ ማለት የሰውም የግመልም ሕይወት ነው። እኔ ፖታሹ አይውጣ አላልኩም። ውል ከመፈረሙ በፊት የከርሰ ምድር ውሃው ይለካ፤ ኩባንያው በዓመት ስንት እንደሚስብ በውሉ ይጻፍ። የጨው መቁረጫው ቦታ ተከልሎ ይቆይ። የአካባቢው ድርሻም በመቶኛ ይቀመጥ። ይህ ካልሆነ፣ እኔ ድምፄን የምሰጠው «ይቆይ» ለሚለው ነው።