የእድራችን አባላት ስልክ ለምን ሁሉም 2147483647 ሆነ?

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእድራችንን መዝገብ ከደብተር ወደ ማይኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) እያስገባሁ ነው። በ09 የጻፍኳቸው ስልኮች ዜሮዋ ብትጠፋም ገብተዋል። በ251 የጀመሩት ግን በሙሉ 2147483647 ሆነው ቁጭ አሉ። የዳኛውም፣ የገንዘብ ያዡም፣ የጥሩምባ ነፊውም ስልክ አንድ ሆነ! ቫይረስ ነው እንዴ? ቁጥሩስ ከየት መጣ?

ኮድ በቡና፦
የምን ቫይረስ ወንድሜ! የስልኩን ዓምድ «ኢንት» አድርገኸው ነው። ኢንት ሙሉ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት ነው፤ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 ቦታ አለው። አንዱ ቢት ለፕላስና ማይነስ ይሄዳል፤ በቀሩት 31 የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው ያየኸው ነው። 911 ብሎ የሚጀምር ባለ 9 አሃዝ ስልክ ከሱ ስለሚያንስ ገባ። 251 ሲጨመርበት 12 አሃዝ ይሆናል፣ አይችለውም። ልክ ያልሆነን ነገር አልቀበልም የሚያሰኘው ጥብቅ ሁነታ ከጠፋ ደግሞ ማይኤስኪውኤል እምቢ አይልም፤ የሚችለውን ትልቁን ጽፎ ያልፋል። ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) አድርገው። ስልክ አይደመር አይባዛ፣ ምን ቁጥር ያደርገዋል? የጠፉትን ግን ከደብተሩ እንደገና መጻፍ ነው።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦
ልጆች፣ እቺን ቁጥር እንደ ተራ ስህተት አትዩብኝ። 2ን 31 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ የምትገኝ ፕራይም ናት፤ ከ1 እና ከራሷ በቀር አካፋይ የላትም። ይህን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ ያውም ዓይኑ ከደከመ በኋላ። አካፋይ ካላት አንዱ ከ46341 ማነስ አለበት። እሱን ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ጉድ ነው። ኦይለር ግን፣ ፕራይም አካፋይ ካላት ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 እንዲተርፈው ግድ ነው አለ። 63 ራሱ ለ3 ስለሚካፈል ሲወጣ፣ የቀሩት 372 ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ከነሱም 249 እንዲሁ ለ3 ይካፈላል፣ ዝለሉት። የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ነው፤ ብታካፍሉ 35 ይተርፋል። ቀጣዩ 1303፤ 226 ይተርፋል። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው።

ከሷ የሚወጣ ፍጹም ቁጥርም አለ፦ 2305843008139952128። አካፋዮቹ፣ ከራሱ በቀር፣ ሲደመሩ መልሰው እሱኑ ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም ብሎ ጽፎ ነበር፤ ለማይጠቅም ነገር ማን ይለፋል ብሎ። በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘችው፣ እንዲሁ ፍጹም ቁጥር የምታወጣ ፕራይም ብቻዋን ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አላት። ሰው ይለፋል!

ናቲ፦
ሌላም ጉድ አላት። ብዙ አሮጌ ሲስተሞች ሰዓትን ከ1970 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራሉ፣ በዚሁ 32 ቢት። 2147483647ኛዋ ሰከንድ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ናት። በጥምቀት ጠዋት! ያልተስተካከለ ማሽን ቀጥሎ 1901 እ.ኤ.አ. ነው ብሎ ያርፈዋል።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ቫርቻር አድርጌው ሠራ፣ ተባረኩ። መምህር፣ 1303ን በወረቀት ሞከርኩት፣ እውነትም 226 ተረፈ። ግን 248 ከየት መጣ?

ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፦
31 ሲባዛ በ8 ነዋ ልጄ። ፕራይም አካፋይ ካላት፣ ያ አካፋይ ለ31 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ ይህ የፌርማ ሕግ ውጤት ነው። ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። እስከ 248 ድረስ ሁለቱንም የሚያሟሉት 1 እና 63 ብቻ ናቸው።